ከቀብድ በኋላ የሚጠራ ጠበቃ

በአዲስ አበባ ቤት የሚገዛ ሰው ከጠበቃ አስቀድሞ ደላላ ያገኛል። ደላላውን መፈለግ አያስፈልግም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ ንጹሕ አየር ፈልጎ የወጣ ሰው አንድ አጥር ጋ ትንሽ ከቆየ፣ «ጋሼ፣ ቤት ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላው ይሰማል። ትንፋሽ ለመሰብሰብ የቆመም ቢሆን ያው ነው።

በእንግሊዝ አገር የቤት ሽያጭን ከመጀመሪያው ማጣራት እስከ ስም ዝውውር ይዞ የሚጨርስ የሕግ ባለሙያ አለ፤ በፈረንሳይም ኖተሩ አለ። በአዲስ አበባ ይኸው ሥራ ለአራት ተከፋፍሏል። ደላላው ያገናኛል፤ ራፖር ጸሐፊው ይጽፋል፤ ውልና ማስረጃ ያረጋግጣል፤ የክፍለ ከተማው የመሬት ቢሮ ስም ያዛውራል። አራቱም የየድርሻቸውን ወረቀት ያያሉ። ወረቀቱን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚያይ አምስተኛ ሰው ጠበቃው ነው። እሱን መያዝ ግን ግዴታ ስላልሆነ አይጠራም፤ ከተጠራም ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ነው፤ ያኔ ምክር ለመስጠት ረፍዶ ለክስ ገና ይሆናል።

የአምስቱን ጠባይ ለማወቅ አከፋፈላቸውን ማየት ይበቃል። ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ከተፈጸመ ብቻ ስለሆነ ለእሱ መጥፎ ቤት የለም፤ ካርታው ሁልጊዜ «ንጹሕ» ነው፤ ሁልጊዜም «ሌላ ሰው እየጨረሰው» ነው። ራፖር ጸሐፊው የሚከፈለው ለጻፈው ወረቀት በመሆኑ ቤቱ ይኑር አይኑር አይመለከተውም። የመንግሥት ሠራተኛው ደሞዙን ያገኛል። ጠበቃው ብቻ ነው «ይቅርብህ» ብሎም ሊከፈለው የሚችለው። ገዢውም ለዚች አንዲት ቃል መክፈል ያንገበግበዋል። ለደላላው ከቤቱ ዋጋ ሁለት ፐርሰንት ሳያቅማማ የሚቆጥር ሰው፣ ለጠበቃ ሲሆን «ምን ሠራና» ይላል።

ጠበቃው መጀመሪያ የሚመረምረው የሚሸጠው ምን እንደሆነ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ሲነግሡ መሬት በሹመትና በርስት ይያዝ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው ደንብ የአዲስ አበባን ቦታ መግዛትና መሸጥ ሕጋዊ አደረገ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደነገገ። ስለዚህ እንጦጦ ሥር ጥግ ላይ ያረጀ የጭቃ ክፍል ያለበት ሰፊ ግቢ ሲሸጥ፣ በውሉ ላይ የሚሸጠው የጭቃው ክፍል ነው። ገዢው ያንን ክፍል በሚሊዮኖች ገዝቶ በሳምንቱ ያፈርሰዋል። ማንም አይደነቅም።

ጣጣው ግን አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ እንደሚይዘው ደነገገ። ሻጩ ያለ ሊዝ የኖረበትን ቦታ ገዢው በሊዝ ይረከባል ማለት ነው። ደላላው ይህን «ትንሽ ነገር ናት» ብሎ ያልፈዋል። በዳገቱ ላይ ከዚህ የባሰም አለ፤ ካርታ የሌለው የጨረቃ ቤት፣ ሻጩ ተከራይ ብቻ የሆነበት የቀበሌ ቤት፣ የአጥሩ ግማሽ ለአረንጓዴ በተከለለ ጫካ ውስጥ የገባ ግቢ። እነዚህን የሚገዛ ሰው ጠበቃ ሳይሆን ንስሐ አባት ቢያማክር ይሻለዋል።

ጠበቃ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ፈቃዱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት የፌዴራል ጠበቃ ፈቃድ የሚሰጠው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው፤ ፈቃዱን አሳየኝ ማለትም ነውር የለበትም። በር ላይ «በማንኛውም ፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቃና የሕግ አማካሪ» የሚል ሰሌዳ መስቀል ቀላል ነው። ደላላው «የራሳችን ጠበቃ አለ» ካለ ማመስገንና ሌላ መፈለግ ይገባል። ለሻጭም ለገዢም አንድ ጠበቃ በቂ ነው የሚለው የቁጠባ ሐሳብም አይረባም፤ ያ ጠበቃ አንዱን ወገን ሳይጎዳ አፉን መክፈት አይችልም። በችሎት የታወቀ ተከራካሪም የግድ ለዚህ አይሆንም። ቤት ለመግዛት የሚያስፈልገው አንደበተ ርቱዕ ሳይሆን የመሬት ቢሮ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የመጠበቅ ጸጋ ያለው ሰው ነው።

የተመረጠው ጠበቃ ሥራውን የሚጀምረው ከቀብድ በፊት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ቀብድ ሰጪው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን እንዲያጣ፣ ተቀባዩ ካልፈጸመ ደግሞ እጥፍ እንዲመልስ ያዛል። በወረቀት ላይ ያምራል፤ በተግባር ግን እጥፉን የሚመልሰው ሻጭ ቀብዱን ለልጁ ሠርግ አውሎታል። ስለዚህ ጠበቃው ዋናውን ካርታ ይጠይቃል፤ ክፍለ ከተማው ካለው ማኅደር ጋር ያስተያያል፤ ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩን ያጣራል፤ አዋሳኞቹንም በእግሩ ሄዶ ያያል። በካርታው ላይ ቀጥ ያለው መስመር በጎረቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሲያልፍ ተገኝቶ ያውቃል።

ከዚያ የሰው ምርመራ ይከተላል፤ ይህ ከካርታው ይከብዳል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለዚህ ሻጩ ያገባ ከሆነ ሚስቱን ይዞ ይቀርባል፤ ካላገባ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያመጣል። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ብቸኝነቱን በማኅተም አስመስክሮ መቅረቡ ትንሽ ያሳዝናል፤ ማስረጃውን ሳያመጣ አምስት ልጆች ያሏት ሚስት ብትመጣ ግን የበለጠ ያሳዝናል። ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾች ሁሉ ይቆጠራሉ፤ አንዱ ሁልጊዜ አሜሪካ ነው። እሱ የላከው ውክልና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ለመሸጥ የሚያስችል ልዩ ሥልጣን መያዝ አለበት። «ጉዳዬን ሁሉ ይከታተልልኝ» የሚለው ቤት አያሸጥም።

ውሉን መጻፍ የጠበቃው ዋና ሥራ ቢሆንም፣ ራፖር ጸሐፊው የሁሉም ቤት ውል የሚወጣበት አንድ ቅጂ ኮምፒዩተሩ ላይ አለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የመሬት ሽያጭ ምስክሮች ተቆጥረው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይሰፍር ነበር፤ የርስት ስጦታን የሚያፈርስም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዝ ነበር። ዛሬ የግዝቱን ቦታ የያዙት 1731 እና 2005 የሚባሉ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥሮች ናቸው፤ ውል አፍራሹም ለመንግሥትና ለውል አክባሪው ይህን ያህል ይከፍላል ይባላል። ጠበቃው ቁጥሮቹን ትቶ ገንዘቡ መቼ፣ በየትኛው ባንክ፣ ምን ሲፈጸም እንደሚከፈል ይጽፋል። ቀረጥ ለመቀነስ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍም ጥበብ ይመስላል፤ ሽያጩ ቢፈርስ ግን ገዢው ሊያስመልስ የሚችለው በማስረጃ የያዘውን ነው፣ እሱም የተጻፈው ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 እንዲህ ያለው ውል በጽሑፍ ሆኖ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት እንዲመዘገብ ያዛል። የሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆ ተርጉሞታል። በሰፈር ሽማግሌ ፊት ተፈርሞ በቡና የጸና ውል እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። ውልና ማስረጃ ሲኬድ ጠበቃው አብሮ ይሄዳል፤ የሚነበበውን ውል ያዳምጣል፤ ሁሉም «ጨርሰናል» ሲል እሱ ገና አልጨረሰም። የቴምብር ቀረጡ ሁለት በመቶ ሌሎቹን ክፍያዎች አስከትሎ ይከፈላል፤ ማኅደሩ ወደ መሬት ቢሮ ይመራል፤ ሠራተኛው ስብሰባ ላይ ይሆናል።

በመጨረሻ ካርታው በገዢው ስም ሲወጣ ጠበቃው ስሙን ፊደል በፊደል ያነባል። በመታወቂያው ላይ ኃይሉ የነበረው ሰው በካርታው ላይ ሀይሉ ከሆነ፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ይጠየቃል፤ እሱን የሚሰጠው ደግሞ ሌላ ቢሮ ነው።