በቴፕ ኖቤል የወሰዱ

ፕሮፎርማ ይዞ ግዥ ክፍል ደጃፍ የቆመ የማቴሪያል ፊዚክስ ተመራማሪ ሁሉ ይህችን ነገር ሰምቷታል፦ «በፕላስተር ኖቤል የወሰዱ አሉ አይደል እንዴ?» የግዥ ክፍል ሰዎችን ማን እንደነገራቸው እንጃ። አዎ፣ አሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. ማንችስተር ላይ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ግራፋይትን በስኮች ቴፕ እየላጡ ውፍረቱ የአንድ አቶም የሆነ የካርቦን ንጣፍ፣ ግራፊንን፣ አወጡ፤ በ2010 ተሸለሙ።

ከቴፑ በኋላ የመጣውን ግን የሚያወራልን የለም። የተላጠችው ንጣፍ በማይክሮስኮፕ እንድትታይ እንኳ 300 ናኖሜትር ያህል ኦክሳይድ የለበሰ ሲሊከን ላይ መቀመጥ አለባት፤ የኦክሳይዱ ውፍረት ትንሽ ከተዛነፈ ዓይን ያጣታል። ኤሌክትሪክ እንዴት እንደምታሳልፍ በዝቅተኛ ሙቀት ለመለካት ደግሞ በኤሌክትሮን ጨረር የተቀረጹ ኤሌክትሮዶችና ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ የሚደርስ ፈሳሽ ሂሊየም ያስፈልጋል። ርካሹ ቴፑ ብቻ ነበር!

እኛ ጋ ሂሊየሙስ ይቅር፣ መብራቱ በጸናልን። መስታወት ላይ ስስ አሉሚኒየም ለመቀባት መጀመሪያ ከመቀቢያው ማሽን ሆድ አየሩ ተመጥጦ መውጣት አለበት፤ ይህ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የግፊት መለኪያው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ተማሪው ምሳውን ትቶ አጠገቡ ይቀመጣል። አሉሚኒየሙ መትነን ሲጀምር፣ መብራቱ ድርግም! በደቂቃ በአስር ሺዎች ጊዜ የሚሽከረከረው ፓምፕ እያፏጨ ይዝላል፣ አየር ይገባል፣ ግማሽ የተቀባው ንጣፍ ኦክሳይድ ለብሶ ይቀራል። ጀነሬተሩ ሲነሣ ጥበቃው በር ላይ ብቅ ብለው «መጣላችሁ!» ይሉናል፣ ደስ ብሏቸው። እሳቸውን ምን ይሏቸዋል?

እንደምንም የተረፈውን ናሙና ደኅና ማይክሮስኮፕ ያለው ጓደኛ ዘንድ፣ ወደ ውጭ በሚሄድ ሰው ሻንጣ፣ በበርበሬና በሽሮ መሐል እንልካለን። አንዳንዱ ተቧጭሮ ይደርሳል። ያልተቧጨረው ተለክቶ፣ ተጽፎ፣ ለጆርናል ይላካል፤ ከወራት ዝምታ በኋላ ስሙ ያልታወቀ ገምጋሚ «ሥራው ደስ ይላል፤ በዝቅተኛ ሙቀት ለክታችሁ በ30 ቀን መልሱ» ይላል። በ30 ቀን! ጉምሩክ ያለችውን አንዲት ጠርሙስ ኬሚካል ለማስወጣት «ለምን እንደምታገለግል ይገለጽልን» ለሚለው ደብዳቤ መልስ ጽፈን፣ የሚፈርሙት ኃላፊ ከስብሰባ እስኪወጡ እየጠበቅን ነው።