«ደመወዝህ መች አነሰህ?»

ኧረ ሰለቸን! እኛ ሀብሩ ውስጥ፣ ግራና ላይ ቡና ተፈልቶ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወሬ በተነሣ ቁጥር «ፓይለት ደግሞ ምን ጎድሎት ነው የሚያማርረው?» የሚል ሰው አይጠፋም። መምህሩ ሲያማርር «ክረምቱን ተኝተህ ይከፈልህ የለ?» ይባላል። ነርሷ ስታማርር «የጽድቅ ሥራ እየሠራሽ ስለ ብር ታወሪያለሽ?» ትባላለች። ጅቡቲ የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሹፌር «አበልህስ?» ይባላል። እርስ በርሳችን ኪስ ስንቆጣጠር አለቃው መልስ ሳይሰጥ ይገላገላል።

የሀብሩ ሰው ስለ አውሮፕላን ምን አገባው የሚል ካለ ያገባናል። ከወልድያ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የምንንገላታ ሰዎች ነን። ብዙው የሰፈራችን ልጅ አውሮፕላን የተሳፈረው ከሳዑዲ ሲባረር ነው። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ በመጋቢት 2014 ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ሰው የመመለሱ ሥራ ሲጀመር፣ የመርሳ፣ የውርጌሳና የግራና ልጆች እዚያ ውስጥ ነበሩ። በባዶ እጃቸው የተመለሱትን ልጆች ከጅዳና ከሪያድ ይዘዋቸው የመጡት እነዚሁ «ምን ጎደላቸው» የምንላቸው አብራሪዎች ናቸው።

ቅሬታቸው ትናንት የተወለደ አይደለም። ለዓመታት ሲያነሡት የኖሩት አንድ ነገር አለ፤ በአንድ ኮክፒት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በኮንትራት የመጣው የውጭ አገር ካፒቴን በዶላር፣ የአገሩ ልጅ በብር ይከፈለዋል የሚል ነው። የተሳፋሪው ነፍስ ግን ለሁለቱም እኩል አደራ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነዳጁ በዶላር ነው፤ አውሮፕላኑም መለዋወጫውም በዶላር ነው። በብር የቀረው የአገሩ ሠራተኛ ደመወዝ ነው። አየር መንገዱ በዚያው በጀት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ማግኘቱን ሲናገር ደስ ብሎናል፤ የራሳችን ነውና። ታዲያ ይህ ገቢ ሌሊቱን ሲያበር ላደረው ሰው ቤት ምን ያህሉ ደረሰ ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት ነው?

አብራሪዎቹ ሲበስሉ የዱባይና የዶሃ አየር መንገዶች ይወስዷቸዋል። እዚህ ደግሞ «ያሠለጠንኩህ እኔ ነኝ፣ የፈረምከውን የአገልግሎት ግዴታ ጨርስ» ይባላሉ። ውል ውል ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ሰው በፊርማው ስለታሰረ ብቻ የሚቆይበት ቤት ጤነኛ ቤት አይደለም።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ድካሙ ነው። የአዲስ አበባ አሠራር የታወቀ ነው፤ ወደ አውሮፓ የሚሄዱት በረራዎች አብዛኞቹ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይነሣሉ፣ ሲመለሱም ሌሊቱን ተጉዘው ጠዋት ይገባሉ። የሰው አካል ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ እንቅልፍ የሚጠይቅ ፍጥረት ነው፤ ካፒቴን ስለሆነ አይቀርለትም። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ከካርቱም ይመጣ የነበረው የአየር መንገዱ በረራ ኢቲ 343 በ37 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ፣ መውረድ የሚጀምርበትን ቦታ አልፎ ሄደ። ሁለቱም አብራሪዎች ተኝተው እንደነበር ተዘገበ። የአውቶ ፓይለቱ ደወል ቀስቅሷቸው ከ25 ደቂቃ ገደማ በኋላ በሰላም አሳረፉት። አየር መንገዱ ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ እንደነበር ገልጾ ሠራተኞቹን ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ አገለለ። አገሩ ሁሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ እንቅልፍ ሲጥለው ጥያቄው መሄድ ያለበት ወደ ሥራ መርሐ ግብሩ ነው። የአውሮፓ ደንብ አንድ አብራሪ በዓመት ከ900 ሰዓት፣ የአሜሪካው ደግሞ ከ1,000 ሰዓት በላይ እንዳይበር ያግዳል። ገደቡ የተበጀው ድካም ሰው ስለሚገድል ነው።

ታዲያ ቢከፋቸው የት ይሂዱ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአየር ትራንስፖርትን ሥራ ማቆም ከተከለከለባቸው አገልግሎቶች መድቦታል። ከዚህ አዋጅ በፊትም፣ ነሐሴ 21 ቀን 2010፣ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የበረራ ተቆጣጣሪዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ ሲያቆሙ ዘጠኙ ታሰሩ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ተመሳሳይ ጥያቄ አንሥተው እንደዚሁ እስር ገጠማቸው። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ በጥቅምት 2015 መጨረሻ የኬንያ ኤርዌይስ አብራሪዎች በጡረታ መዋጮና በአስተዳደሩ ምክንያት ለቀናት ሥራ አቆሙ፤ ፍርድ ቤት አዘዛቸው፣ ተመለሱ። ቢያንስ ክርክሩ በአደባባይ ነበር።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ኢቲ 302 ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ፣ አሜሪካ ውስጥ የአብራሪዎቹን ሥልጠና የሚተች ፖለቲከኛ አልጠፋም ነበር። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት ሲወጣ ግን ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ የተሰጣቸውን መመሪያ መከተላቸው ተነገረ። ያኔ ሁላችን «ልጆቻችን!» ብለን አለቀስን፣ ተቆጣን፣ ተሟገትንላቸው። ለሞቱት እንዲህ የተሟገትን ሰዎች፣ በሕይወት ያሉት ስለ እረፍት ሲጠይቁ «ጠገቡ» ማለታችን ያሳዝነኛል።

ያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ሥራ ማቆምን ሲከለክል፣ በእነዚህ አገልግሎቶች የሚነሣውን የደመወዝ ክርክር የሚያይ ጊዜያዊ ቦርድ እንዲቋቋም በር ከፍቷል። መንግሥት ይህን ቦርድ ለአብራሪዎቹ ያቋቁምላቸው። የአየር መንገዱ አመራርም ከሠራተኛው ማኅበር ጋር ይቀመጥ፤ በበረራ ሰዓት ገደቡ ላይ የሚደርሰውን ስምምነትም ተሳፋሪው እንዲያውቀው ያውጣው። እኛም ቡና ላይ «ደመወዝህ መች አነሰህ?» ማለቱን እንተው።