እናትን ከአዲስ ቅዳም አስመጥቶ በዓል ማስዋያ መመሪያ

አሜሪካ ያለኸው ወንድማችን ሆይ፣ እናትህ ልትመጣልህ ነው፤ እንኳን ደስ ያለህ! እኛ አዊ ውስጥ፣ አዲስ ቅዳም ከተማ የቀረነው ሻንጣ አስረን የምንሸኝ፣ ስትመለስም ሻንጣ ፈተን የምንቀበል ነን። በመካከሉ የሚሆነውን አናውቅም ብለህ ታስብ ይሆናል። እናውቃለን። አንተም ከቀደሙህ ልጆች እንዳታንስ ብለን የእነሱን አሠራር ሰብስበን ይህን ምክር አዘጋጅተንልሃል። እህቶቻችንም አትቀየሙ፤ የተጻፈው ለእናንተም ነው።

ከመምጣቷ በፊት

ደውልና «እማ፣ ናፍቀሽኛል፤ ገናንና ጥምቀትን አብረን እናሳልፍ» በላት። ሚስትህ ስንተኛ ወሯ ላይ እንዳለች ለጊዜው አታንሣ። በጥሪ ደብዳቤውም ላይ «ለጉብኝትና በዓልን ከቤተሰብ ጋር ለማክበር» ብለህ ጻፍ። የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር ነው። የሕፃናት ማዋያ በወር ስንት እንደሚጠይቅ ደግሞ አንተው ታውቃለህ፤ አስላው። ለጎብኚ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው ቆይታ እስከ ስድስት ወር ነው፤ ስድስት ወር ማለት ሕፃን ተወልዶ ያለ ድጋፍ ቁጭ እስኪል ማለት ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች አንተን አስበው መሆን አለበት።

ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቀድላታል። አርባ ስድስቱም ኪሎ የአንተ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ኮረሪማ፣ ማር፣ ለሚስትህ ጓደኞች ቡና፣ ለአለቃህ የሽመና ሻርፕ ብለህ ዝርዝሩን ላክላት። ለራሷ ልብስ እንዳትይዝ «እዚህ እገዛልሽ የለ እንዴ!» በላት። የምትገዛላት ኮት ያንተው የአምና ኮት ነው፤ እጅጌውን ጠቅለል ታድርገው።

በዓሉን ስለማስዋል

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። የአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጾሙ በገባ ሰሞን ይውላል። ይህን አጋጣሚ አታሳልፈው። ተርኪውን ጠብሰህ ፊቷ አስቀምጥና «እማ፣ ትንሽ ቅመሺ፤ እግዜር እዚህ አገር አይቆጣም» በላት። እምቢ ካለች ከተርኪው አጠገብ ቁማ ፎቶ ትነሣ። ፎቶውን ለእኛ ላክልን። እኛ እዚህ ሽሮአችንን እየበላን «ምነው፣ ጾሙን ፈታች እንዴ?» እያልን እንወያይበታለን፤ የንስሐ አባቷም ጆሮ ይደርሳል።

የፈረንጁ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 16 ነው። ለእናትህ የጾም ቀን ነው፤ ለአንተ ግን ዋናው በዓል እሱ ይሁን። ዛፉን አቁም፤ ስጦታውን አስፈታ፤ ለእሷም ነጭ ፖምፖም ያንጠለጠለውን ቀይ ቆብ አድርግላት፤ ነጠላው ላይ ያምራል። ታኅሣሥ 29 ማለዳ ተነሥታ «እንኳን አደረሰህ ልጄ» ስትልህ ቁልፍህን እየፈለግህ «ገና አለፈ እኮ እማ» ብለህ ወደ ሥራህ ውጣ።

ትንሽ ሃይማኖት ቀርቶህ ከሆነና ካልተከበረ ሞቼ እገኛለሁ ካልህ፣ በዓሉን ወደ ቅዳሜ አዙረው። ረቡዕ የዋለ ገና፣ ሐሙስ የዋለ ጥምቀት፣ ሁሉም ቅዳሜ ይከበር። እናትህ ከቅዳሜ ጋር ድሮም ትተዋወቃለች፤ አዲስ ቅዳም ገበያው ቅዳሜ ነው፤ ድንቹንም ገብሱንም ተሸክማ የወጣችበት ቀን ነው። ገበያ በበዓል ምክንያት ሲቀዘቅዝ አይታለች። በዓል ለገበያተኛ እንዲመች ቀኑ ሲቀየር ግን አላየችም፤ ታየው።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ጥምቀት አንዳንድ ዓመት፣ ለምሳሌ እንደ 2018 ዓ.ም.፣ ከማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቀን ጋር ይገጥማል። ሥራ ዝግ ነው፤ ሰበብ የለህም። ቀደም ብለህ የትርፍ ሰዓት ሥራ ጠይቅ።

ዶሮውን ከሱቅ ግዛ፤ በማሽን የተቆራረጠ፣ በረዶ የጋገረበት ይሁን። እናትህ ዐሥራ ሁለት ብልት ልታወጣ ቁጭ ስትል ስድስት ጭንና ዐሥር ክንፍ ታገኛለች። «ይህ ደግሞ የምን ዶሮ ነው?» ብትልህ «እማ፣ ፕሮቲኑ ያው ነው» በላት። በግ የሚታረድበትን ቦታ ከጠየቀችህ መስኮቱን ዝጋና ድምፅሽን ቀንሺ በላት፤ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል።

ቡና መቁላት ክልክል ነው። የጭስ ማንቂያው ይጮኻል፤ ሕንፃው በሙሉ በፒጃማ ይወጣል፤ አንተም አንገትህን ትደፋለህ። ከወረዳችን ከፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል የጫነ አይሱዙ አዲስ አበባ ድረስ ሲወርድ ኖሯል፤ የስንት ከተማ ቡና የፈላው በእናትህ ሰፈር ዛፍ ነው። እናትህ ግን ቡናዋን በማሽን ቁልፍ ተጭና ትጠጣ። አቦሉም ቶናውም በረካውም በአንድ የወረቀት ኩባያ ይለቅ። ጎረቤት መጥራት ካማራት «እዚህ አገር ሰው ሳይጠራ አይመጣም» በላት። ተጠርቶም እንደማይመጣ በኋላ ትደርስበታለች።

ጥር 23ን በተመለከተ

ይህን ቀን ርሳው። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዚህ ቀን እንጅባራ ሜዳ ላይ ፈረሱን አስጊጦ ይወጣል። የዓድዋ ፈረሶች ውለታ የሚታሰብበት ቀን ነው፤ የጊዮርጊስም ነው። አጎትህ ፈረሱን ካጠበ፣ ዛቡን ከወለወለ ሰንብቷል። አንተ ዘንድ ግን ጥር 23 የቤት ኪራይ የሚዘጋጅበት የጃንዋሪ መጨረሻ ነው፤ ሌላ ትርጉም አትስጠው።

እዚህ ረፋድ አራት ሰዓት ሲሆን እናንተ ዘንድ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት ውስጥ መብራት ካየህ እናትህ ስልኳን ይዛ ፈረሰኛ እያየች ነው። «እማ፣ ለምን አትተኚም? ነገ እኮ ልጁን የሚይዝ የለም» በላት። ባሏ የጋለበበትን፣ ወንድሟ ዛሬም የሚጋልብበትን ግልቢያ በመዳፏ ላይ ባለች መስታወት እያየች ነው ያለችው፤ ድምፁን ደግሞ አንተን እንዳይቀሰቅስ ዘግታዋለች። አጥፊ በላት፤ ምን አለበት!

ስለ ዕረፍቷ

«አንቺ ሥራ አትሥሪ፤ ቁጭ ብለሽ ዕረፊ» እያልህ ሕፃኑን አስታቅፋት። ሕፃን መያዝ ሥራ አይደለም። ሕፃኑ ሲተኛ ገንፎ ማገንፋት፣ ገንፎው ሲበርድ ልብስ ማጠፍ፣ ልብሱ ሲታጠፍ ትልልቆቹን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ መቀበል፣ እነዚህም ሥራ አይደሉም። ማገዝ ነው። ገንዘብ የሚከፈለው ለሞግዚት ነው፤ ለእናት የሚከፈለው ምስጋና ነው፤ እሱንም ሲመችህ።

ጎህ ሳይቀድ ወጥተህ ከመሸ ተመለስ። በሩ እንዴት እንደሚከፈት አታሳያት፤ ወጥታ ትጠፋብሃለች። ቢያንኳኩም እንዳትከፍት አስጠንቅቃት። ቤተ ክርስቲያን አድርሰኝ ስትልህ ዩቲዩብ ክፈትላት።

ከልጆችህ ጋር በምን ቋንቋ እንደምትግባባ አትጨነቅ። አንተ ራስህ አዊኛዋን ከረሳህ ቆይተሃል፤ አማርኛህንም በእንግሊዝኛ በርዘኸዋል። ልጆቹ «ሃይ ግራንድማ» ብለው ወደ ታብሌታቸው ይመለሱ።

ከሁሉ በላይ ግን ሳሎኑ ላይ ካሜራ መግጠምህን አትርሳ። ከሥራ ቦታህ ሆነህ በስልክህ ተከታተላትና ደውልላት። «እማ፣ ለምን አዘልሽው? ወገቡን ይጎዳዋል ብዬሽ አልነበረም?» ስድስት ልጅ አዝላ ያሳደገችን ሴት! አንተን ያዘለች፣ አንተን አዝላ ውኃ የቀዳች፣ እንጨት የሰበሰበች፣ ደንግጠህ ስታለቅስ እሹሩሩ ያለችህን ሴት በካሜራ ትጠብቃለህ? ወገብህ ምን ሆነ? አሁን ቆመህ የምትሄደው በምኑ ነው?

ይቅርታ። መመሪያ ነው የምንጽፈው። ካሜራው ጥሩ የምሽት ምስል ያለው ይሁን።

ስለ ጉብኝት

ከመጣች አራት ወር ሲሞላት «እናቴን ሳላዝናናት» የሚል ጸጸት ይይዝሃል። ያን ጊዜ ሁሉንም በአንድ ቅዳሜና እሑድ ጨርሰው።

መጀመሪያ ዋሽንግተን። ሊንከን የተቀመጠበት ደረጃ ላይ ሕፃኑን አስታቅፈህ አውጣት፤ ፎቶ አንሣ፤ አውርዳት። ቀጥሎ የዋሽንግተን ሐውልት፤ 169 ሜትር ይረዝማል። አንገቷን ቀና አድርጋ «ጉድ!» እስክትል ጠብቅ። እዚህ ላይ ዘንገናን እንዳታነሣባት። ከእንጅባራ አጠገብ፣ ከመኪናው መንገድ ፈቀቅ ብሎ ያለው ሐይቅ 166 ሜትር ይጠልቃል ይባላል፤ ያ ሁሉ ሐውልት እዚያ ውስጥ ቢቆም ከውኃው በላይ የሚቀረው ሦስት ሜትር ያህል ጫፍ ብቻ ነው። ይህን ከሰማች ትኮራለች፤ የኮራች እናት ደግሞ ለጉብኝት አትመችም።

ዋናው ግን ናያግራ ነው። ከዋሽንግተን ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከአዲስ ቅዳም አዲስ አበባ ከሚወስደው መንገድ ይረዝማል። በጥር ውሰዳት፤ ጀልባው ቆሟል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሆቴሉም ርካሽ ነው። ያንን ሁሉ መንገድ ከኋላ ወንበር በሁለት የሕፃን መቀመጫ መካከል ተጣብቃ ትሂድ። ፏፏቴው አጠገብ ስትደርስ «እማ፣ እንዲህ ዓይነት ውኃ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብለህ ጠይቃት፤ እየቀረጽህ።

አይታ ታውቃለች ወይ? ግሽ ዓባይን አይታለች፤ ሰከላ ድረስ በእግሯ ሄዳ ጠበሉን ጠጥታለች። ጢስ ዓባይን ግን አላየችም። ከአዲስ ቅዳም ባሕር ዳር መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከዚያ ጢስ ዓባይ ሠላሳ። ባለፈው ስትመጣ መኪና ተከራይተህ ጢስ ዓባይ የወሰድኸው የፈረንጅ ጓደኛህን ነበር። እናትህ ምሳ ልትሠራላችሁ ቀርታ ነበር። ጠይቃት እንጂ፣ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ በላት! መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ያልወሰድሃትን ዛሬ ናያግራ ላይ ቁመህ ትፈትናታለህ?

በስተመጨረሻ የገበያ አዳራሽ። ሚስትህ ዕቃ ስታገላብጥ እናትህ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ከረጢት ትጠብቅ። ይህም እንደ ጉብኝት ይቆጠራል።

ስለ ቪዲዮ

በረዶ ስትነካ ቅረጽ። ተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ እግሯን ለማሳረፍ ስታመነታ፣ አማትባ ዓይኗን ስትጨፍን ቅረጽ። ሱሺ አፏ ውስጥ ከትተህ ፊቷ ሲጨማደድ ቅረጽ። «ማዘር ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚል ርዕስ ስጠውና ቲክቶክ ላይ ልቀቀው። ሰው ይስቃል። ስታለቅስ የተቀረጸው ደግሞ የበለጠ ይታይልሃል፤ ለምን እንዳለቀሰች መጠየቅ ግን የቪዲዮውን ፍሰት ያበላሻል።

ስለ መመለሷ

መጀመሪያ ቃል የገባህላትን ሁሉ በመጨረሻዋ ሳምንት አስታውስና «በሚቀጥለው ስትመጪ» በላት። ሻንጣዋን ለዘመድ በሚሆን ያረጀ ጫማና አንገቱ በሰፋ ካናቴራ ሙላው። እጇ ላይ መቶ ዶላር አስጨብጣት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ ብር አልፏል፤ ስለዚህ መቶዋ ራሷን ችላ አድጋለች፤ አንተ መጨመር አያስፈልግህም። ኑሮውም አብሮ ማደጉን ለእኛ ተወው።

ይወራብኛል ብለህ እንዳትሰጋ። እንኳን ደህና ገባሽ ልንላት ቤቷ እንሞላለን፤ «እንዴት ነው አገሩ? ልጁስ እንዴት ያዘሽ?» እንላታለን። ወገቧን ደገፍ አድርጋ ትነሣና ቡና እየቀዳች «ልጄማ አንቀባሮ ነው የያዘኝ፤ ያላሳየኝ አገር የለም» ትላለች። እኛም እናምናለን። ማለት እንደምናምን እንሆናለን፤ አይተነው የለም እንዴ ቪዲዮውን!

ስለዚህ ስምህ በሰፈር እንደተከበረ ነው፤ አርፈህ ወደሚቀጥለው ሥራ እለፍ። ስድስት ወሩ አልቋል፤ ሕፃኑ ገና ቁጭ ማለቱ ነው፤ መዳኹ፣ መቆሙ፣ ምድጃ መንካቱ ከፊትህ ነው። የሚስትህ እናት ደግሞ ዳንግላ ናቸው፤ ገና ጉልበት አላቸው ይባላል። ዛሬውኑ ደውልና «እትዬ፣ ናፍቀውናል፤ መጪውን እንቁጣጣሽ አብረን እናሳልፍ» በላቸው። በርበሬ ይዘው እንዲመጡም ንገራቸው፤ የእናትህ አልቋል።