ጉድ በጉደር! አንባቢ ለጠፋባቸው የተሰጠ ምክር

አምቦ ተቀምጠው፣ ካልሆነም ጊንጪ ወይም ጌዶ፣ ሌሊቱን በስልክዎ የጻፉትን ጽሑፍ ጠዋት ሲከፍቱት አራት ሰው ብቻ አይቶት ካገኙ ራስዎን አይውቀሱ። ጥፋቱ የጠርሙሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው ካፌ ገብቶ "አምቦ" ቢል ከተማ አይመጣለትም፤ ላብ ያጠመቀው ጠርሙስና ብርጭቆ ነው የሚመጣለት። ይህ ጠርሙስ በፈረንጆቹ ከ1930 ጀምሮ እየታሸገ፣ ስሙን ደረቱ ላይ ለጥፎ አገሩን ሲያዳርስ ኖሯል። ጥሬ ሥጋ የበላ፣ ሆዱን የነፋው፣ ትናንት ማታ ያመሸ ሁሉ ያነበዋል። እርስዎ ከትናንት ወዲያ ገጽ ከፍተው ከእሱ ጋር ልፎካከር ቢሉ ነውር ነው። ስለዚህ "አምቦ" የሚለውን ቃል ርዕስዎ ላይ ብቻውን አያቁሙት። የተጠማ ሰው መጥቶ ውሃ ሲያጣ ይረግምዎታል።

ርዕስ ካነሣን አይቀር፣ ጥሩ ርዕስ ነገሩን ይደብቃል እንጂ አይናገርም። በዚህ በኩል አካባቢያችን የታደለ ነው። ጊንጪና ወንጪ ማንም ሳይለፋባቸው ቤት ይመታሉ። ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር አለፍ ሲሉ ደግሞ ጉደር አለ፤ ለርዕስ ተብሎ የወጣ የሚመስል ስም። አንድ ቀን ከጉደር ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት እናት እግራቸው ሥር ያስቀመጧት ዶሮ እንቁላል ጣለች። ነገሩ ይኸው ነው። እናትየው እንቁላሉን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱት፣ ረዳቱ "እንግዲህ የሁለት ሰው ሒሳብ ነው" አለ፣ ተሳቀ፣ አለቀ። እኔ ግን "ጉድ በጉደር! ተሳፋሪዎችን ያስደነገጠው ክስተት" ብዬ፣ ቀይ ቀስት ከተሰካበት የሚኒባስ ፎቶ ጋር ለጠፍኩት። ቀስቱ ምን እንደሚያመለክት እስከ ዛሬ አላውቅም። በአንድ ሌሊት የዚያን ያህል የተነበበልኝ ጽሑፍ የለም። አደጋ መስሏቸው ዘመድ ጋ የደወሉም ነበሩ። ኮሜንቱ በሙሉ ስድብ ነው፤ ስድብም ግን እኮ ይቆጠራል። ከሰደቡኝ ውስጥ ተመልሶ የመጣ አንድም ሰው የለም። ይህም ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለምን እንደሆነ በኋላ አጫውትዎታለሁ።

"ሼር ማድረግ እንዳይረሱ" ማለት የሚያሳፍራቸው ጸሐፊዎች አሉ። እርስዎ አይፈሩ፤ ነገሩ የአባቶች ነው። አዋጅ ነጋሪው ነጋሪት አስጎስሞ ገበያ መሃል ሲቆም "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ይል ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ እሱ የሚያውጀው ነገር ነበረው፣ ግብር ወይም ክተት። እርስዎ ለዚህ አይጨነቁ። "ይህን ለ12 ሰው ያልላከ..." ብለው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ይተዉት። የቀረውን አክስቶቻችን ራሳቸው ይፈሩልዎታል።

ፎቶም ግድ ነው። ለዚህ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን አሉልን። ፎቶአቸውን ይለጥፉ፤ ከሥሩ ስለ ፍቅር ይሁን ስለ ጠዋት ቡና ደስ ያለዎትን ይጻፉና በትእምርተ ጥቅስ ይክበቡት። በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ መወለዳቸውን፣ ገና ልጅ ሳሉ ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስ ቴአትር ጽፈው አምቦ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት መታየቱን፣ በኋላም ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ መመለሳቸውን ማንሣት ግን ጽሑፍ ያስረዝማል። እኔን አንድ ነገር ብቻ ይገርመኛል፤ ያ ልጅ ጃንሆይን የሚያህል ተመልካች ሲያስቀምጥ ርዕሱ ላይ "ጉድ!" አላለም። ቀይ ቀስትም አልነበረውም። ዕድል ያለው ሰው!

ወደ ሊንክ እንሻገር። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 (እ.ኤ.አ.) ጎግልን ሲመሠርቱ ሐሳባቸው ብዙ ሌሎች ገጾች የጠቆሙት ገጽ ይከበር የሚል ነበር፤ እኛ ዘንድ በምስክር ብዛት እንደሚረታው ማለት ነው። ምስክር ደግሞ ይሰናዳል። ሰባት ሆነን ቴሌግራም ላይ የሊንክ ዕቁብ ጀመርን፣ ዳኛና ጸሐፊ ሰይመን። በየሳምንቱ ዕጣ የወጣለትን ሰው ስድስታችን በጽሑፋችን እንጠቁማለን። ደንቡ ተከበረ፣ አንድም የካደ የለም። ሁለት ወር ሲሞላ ግን የሆለታው ልጅ ስለ ምን እንደሚጽፍ ከመካከላችን የሚያውቅ እንደሌለ ታወቀ። (እሱም የእኛን አያውቅም ነበር።) ሱቅ ባዶ ጠርሙስ የሚመለሰው ሙሉ ለመውሰድ ነው፤ እኛ ባዶ በባዶ ስንለዋወጥ ከረምን። ዕቁቡ አሁንም አልፈረሰም፤ ከፈለጉ ቦታ አለ።

እስካሁን ያልኩትን ከፈጸሙ ሰላም ነዎት። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ሰው የሚጠቀምበት ነገር እንዳይጽፉ። እኔ አንዴ ተሳስቼ ይኸው እስከ ዛሬ እየከፈልኩ ነው።

ወንጪ ላይ ነው የሆነው። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ያለውን ሐይቅ ያውቁታል፤ "ገበታ ለሀገር" የተባለው ፕሮጀክት የደረሰለት፣ መንደሩንም የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ያለው። ስለ እሱ "ምድራዊ ገነት" የሚል ረጅም ጽሑፍ ጽፌ ነበር፤ "እንደ ዕንቁ የሚያበራው" የሚለው ብቻ ሦስት ቦታ አለበት። ያነበቡት ቤተሰቦቼ ናቸው፤ እነሱም አልጨረሱትም። በነሐሴ ተመልሼ ሄድኩ፣ ሶሉ የለሰለሰ የሠርግ ጫማዬን አድርጌ። ከአፋፉ ወደ ሐይቁ በሚወርደው የእግር መንገድ ሦስት እርምጃ ያህል ሄጄ የቀረውን በመቀመጫዬ ጨረስኩት። ፈረስ የሚያከራይ አንድ ልጅ ከላይ ሆኖ ረጋ ብሎ ተመለከተኝ። አልሳቀም። "ጋሼ፣ ቦቲ" አለኝ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር፣ እግሩ ላይ ያለውን የጎማ ቦቲ በጣቱ እያሳየ። ማታ ሱሪዬን ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፌ በንዴት አምስት መስመር ጻፍኩ፤ ክረምት ላይ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያዋጣ፣ ጉሙ መቼ ግድም እንደሚገፈፍ፣ ፈረሱ ከመውረጃው ይልቅ ለመውጫው እንደሚያስፈልግ፣ ለፈረሱም ለጀልባውም ዝርዝር ብር መያዝ እንደሚሻል። ርዕስ መስጠቱን ረስቼ ለጠፍኩት።

ጣጣው ከዚያ ጀመረ። አስጎብኚዎች ወሰዱት። የተማሪዎች ግሩፕ ለግሩፕ ዞረ። ውጭ አገር ያሉ የአምቦ ልጆች፣ ለዕረፍት ሲመጡ ለሚያጅቧቸው ዘመዶች ላኩት። እኔ ማንንም ሼር አድርጉ አላልኩም። እዚህ አገር ከብት አንዴ የሆራን ጨዋማ ውሃ ከለመደ መንገዱን የሚመራው ራሱ ነው፤ እረኛው ከኋላ ይሮጣል። እኔም እንደዚያ እረኛ ሆኜ ቀረሁ። "ፈረሱ ሕፃን ይጭናል?" "እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ መኪና እስከ የት ድረስ ያደርሳታል?" "ደሴቱ ላይ ቂርቆስን ለመሳለም ጀልባ በስንት ሰዓት ይነሣል?" ስለ ዶሮዋ የጠየቀኝ የለም። እነዚህ ግን ይመለሳሉ፤ መልስ ካገኙማ ጎረቤት ጨምረው ነው የሚመለሱት።

ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንዱ ደወለ። "ጋሼ፣ ለእሑድ አስበን ነበር። ጭቃው ጠንክሯል ወይ?" መስከረም ገና መጋመሱ ነው፤ አምቦ ቁጭ ብዬ በምን አውቃለሁ? አላውቅም ብሎ ስልኩን መዝጋት ይቻል ነበር። "ነገ እደውልልሃለሁ" አልኩት። ይህን ምክር የምጽፍልዎት ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ነው። ቦቲውን ከጎረቤት ተውሻለሁ፤ በአንድ ቁጥር ይጠበኛል።