«ፖምፓው ነው ጋሼ»

ዳገት ላይ የሚለግም አሮጌ የናፍጣ ሃይሉክስ ይዞ ጋራዥ የገባ ሰው የሚሰማት ቃል ያቺው ናት፦ «ፖምፓው ነው ጋሼ»። ፊልትሮ ሳይፈታ፣ ቱቦ ሳይዳሰስ ፍርዱ ይሰጣል። ፖምፓው ይወርዳል፤ ሶማሌ ተራ ተሂዶ ከሌላ መኪና የተነቀለ፣ ምን ያህል እንደሠራ የማይታወቅ ፖምፓ ተገዝቶ ይታሰራል። መኪናው ግን በሳምንቱ እዚያው ዳገት ላይ ይለግማል። ያኔ ደግሞ «ኖዝሎቹ ይሆናሉ» ይባላል። እስከ መቼ ነው በግምት ኪሳችን የሚራገፈው?

አሮጌ መኪና የሙጥኝ ያልነው ወደን አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ለውጬ እገላገላለሁ የሚባል ነገር የለም። የብዙዎቻችን እንጀራ ያለው በዚችው ፒካፕ ጀርባ ላይ ነው።

በጣም የሚያንገበግበው ደግሞ ምርመራው ከባድ አለመሆኑ ነው። 2ኤል፣ 3ኤልም ሆነ 5ኤል ሞተር የተገጠመለት ሃይሉክስ ሳልባትዮ ውስጥ ናፍጣ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፖምፓ የለውም። ናፍጣውን ከኋላ ድረስ የሚስበው ራሱ የኢንጀክሽን ፖምፓው ነው። ስለዚህ ከሳልባትዮ እስከ ፖምፓ ያለው መስመር በመሳብ ነው የሚሠራው። ሞተሩ እየሠራ ቱቦው ቢሰነጠቅ ወይም ፋሸታው ቢላላ ናፍጣ ወደ ውጭ አይፈስም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። መሬቱ ደረቅ ስለሆነ «ፍሳሽ የለበትም» ተብሎ ይታለፋል። ጠዋት ጠዋት ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ደጋግመው ካልተጫኑ አልነሳም የሚል መኪና ግን አየር እየሳበ መሆኑን በግልጽ እየተናገረ ነው። ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ኋላ ተመልሶ ያድራል። ከፊልትሮው ቀጥሎ አንድ ክንድ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ አስገብቶ ሞተሩን ማስነሳት ነው፤ አረፋ ከታየ ፖምፓው ምን አደረገ?

ሌላም አለ። በጄሪካን ንጹሕ ናፍጣ ይዞ ፖምፓው ከጄሪካኑ በቀጥታ እንዲስብ ማድረግ። ሞተሩ እንደ ድሮው ከጎተተ ጥፋቱ ከኋላ ነው፦ ሳልባትዮው ውስጥ ያለው ወንፊት፣ ቱቦው ወይም ፊልትሮው። የሳልባትዮው ክዳን የአየር መግቢያ ሲደፈንም መኪናው ትንሽ ሄዶ ይታነቃል። ሲከፍቱት ሽው ብሎ አየር ከሳበና መኪናው ነፍስ ከዘራ በሽታው ተገኘ። ይህን ለማየት አንድ ሳንቲም አይወጣም።

ከፍታውንም ማንም አያስበውም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከአዋሽ በኩል ደህና ሲጎትት የመጣ መኪና እንጦጦ ላይ ቢደክምና ጥቁር ጭስ ቢያወጣ ያነሰው አየር ነው። ጥቁር የሚያጨስን ሞተር «ነዳጅ አይደርሰውም» ብሎ ፖምፓ ማውረድ ምን ይሉታል?

በኮምፒውተር የሚታዘዘውን ዲ-ፎር-ዲ ሞተር የያዙትም አላረፉም። ኮምፒውተር ይሰካል፣ ፒ0087 የሚል ኮድ ይወጣል፣ ትልቁን ፖምፓ ግዛ ይባላሉ። ኮዱ የሚለው በማከፋፈያው ሐዲድ ውስጥ ያለው ግፊት ከሚፈለገው በታች ነው ብቻ ነው። የተደፈነ ፊልትሮም፣ ፖምፓው ላይ ያለችው ትንሿ የመጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭም፣ በመመለሻ መስመር ናፍጣ የሚያባክን ኖዝልም ያንኑ ኮድ ያወጣሉ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የታዘዘውንና የተገኘውን ግፊት ያው ኮምፒውተር ጎን ለጎን ያሳያል። የአራቱን ኖዝል መመለሻ በአራት ጠርሙስ ተቀብሎ የትኛው ቶሎ እንደሞላ ማየትም ይቻላል። ማን አየ?

በነዳጅ እጥረት ሰሞን ከመንገድ ዳር በጄሪካን የምንቀዳው ናፍጣ ውሃና አፈር እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን። ፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ግን መኪናው ሲገባ የማፍሰሻዋን ብሎን የሚነካት የለም።

የወረደውን አሮጌ ፖምፓ «ስጡኝ» ስንል ደግሞ ፊት ይቀየራል። ዕቃው የኛ ነው፤ ሌላ ባለሙያ ጋ ወስደን ብናስፈትሸው መብታችን ነው። የሚሰጠን ወረቀት ላይ የሰፈረው «የፖምፓ ጥገና» እና ዋጋው ብቻ ነው። ምን እንደተለካ፣ ስንት ሆኖ እንደተገኘ አንድ መስመር የለበትም።