ሸንጎው የተቀመጠባት ቄጠማ

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ፣ በሁለት የቡና ጋራዎች መካከል አንድ ጨፌ ነበር። ዕፅዋቱ ጠብ ሲነሣባቸው ሸንጎ የሚቀመጡት እዚያው፣ ቄጠማዋ ላይ ነበር። ዳኛቸውም አባ ዋርካ ነበር።

በአንድ ዘመን ባሕር ዛፍ መጣ። እንግዳ ነውና አከበሩት። ቶሎ አደገና ክስ አቀረበ።

«ቄጠማ ፍሬ የላት፣ ምሰሶ አትሆን። ቡና ሲፈላ ትጎዘጎዛለች፤ ማግሥቱን ተጠርጋ ትጣላለች። ቦታዋን ስጡኝና ብር ላምጣላችሁ።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለ አባ ዋርካ።

«ጌቶቼ፣ ዘንጌን ዳብሱት፤ እንደ ሣር ድቡልቡል ሳይሆን ባለ ሦስት ጎን ነው። ለየብቻችን የቆምን ብንመስልም ከጭቃው በታች ከእህቶቼ ጋር በአንድ ሥር ተያይዘናል። በደረቅ አገር ያሉ ዘመዶቼ አሸዋውን በሥራቸው ሰፍተው ከነፋስ ያስጥላሉ። እኔ የክረምቱን ውኃ ይዤ ለበጋ አቆያለሁ። ሌላ ሙያ የለኝም።»

«ውኃ የሰማይ ነው» አለ ቡና፤ ልቡ ብሩ ላይ ነበር።

ተፈረደባት። ቦይ ተቆፈረ፤ ጨፌው ተንጠፍጥፎ ደረቀ፤ ቄጠማ ተነቀለች።

የመጀመሪያው አጣና ሲሸጥ ሁሉም አጨበጨቡ። ከዚያ ግን ከታች ያለው ምንጭ ሳሳ፤ ቆይቶም ነጠፈ። ቀይ እሸት ቡና ተለቅሞ የሚታጠብበት ውኃ ታጣ። ቡና ዋንዛን፣ ዋንዛ ብርብራን «ውኃዬን ጠጣህብኝ» ይለው ጀመር። ሸንጎ ተጠራ። ቢመጡ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ መቀመጫ የለም። በቁማቸው ተሟገቱ፤ የቆመ ሁሉ የሚታየው የራሱ ቁመት ነውና መታረቅ አቃታቸው።

አባ ዋርካ ራሱን ያዘ። «ያን ቀን በቄጠማ ላይ ስንፈርድ፣ ተቀምጠን የነበረው በማን ላይ ነው?»

መልስ የሰጠ የለም። ቡና ዶማ አንሥቶ ቦዩን መድፈን ጀመረ። ባሕር ዛፍም ምሰሶው ለድሃ ቤት ያስፈልጋልና አልተባረረም፤ ወደ ደረቁ ኮረብታ ወጣ። ከቦዩ ጥግ አንዲት የቄጠማ ሥር ተርፋ ኖሮ አቆጠቆጠች። እስክትንሰራፋ ድረስ ግን ሸንጎው ሦስት ክረምት በቁሙ ቆየ። በመጨረሻም አባ ዋርካ ከመቀመጡ በፊት ጎንበስ ብሎ አስፈቀዳት።

ዛሬም የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ስሙ ጨፌ ነው፤ በየቤታችንም አቦሉ፣ ቶናውና በረካው የሚጠጣው ቄጠማ ተጎዝጉዞ ነው። እንግዲህ በማንም ላይ ከመፍረዳችን በፊት ዝቅ ብለን መቀመጫችንን እንይ።