ባቄላና ባቃላ (ከጅዳ የተላከ ደብዳቤ)

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣ መካነ ሰላም

እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አረብኛውን ግን አይጠይቁኝ።

መድረሳ ያስገቡኝ ጊዜ «ቁርኣን የቀራች ልጅ አረብ አገር አትቸገርም» ብለው ነበር። እዚህ ግን ቲማቲም የሚሸጠው በቁርኣን አረብኛ አይደለም። «ምን?» ለማለት «ኤሽ?» ነው የሚሉት። ጉዱ የጀመረው ከዚህች ቃል ነው። አሠሪዬ ማዳም አንድ ነገር ስታዘኝ እኔ በጨዋ ደንብ «እሺ» እላለሁ። እሷ «ምን?» ያልኳት እየመሰላት ጮክ ብላ ትደግመዋለች። እኔ የተቆጣች መስሎኝ ይበልጥ አጎንብሼ «እሺ!» እላታለሁ። ግራ ሲገባት «ኤሽ?» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ተስማማች ብዬ ደስ ይለኛል። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ተስማምተን ከረምን።

በሁለተኛው ሳምንት «ባቃላ ሂጂ» አለችኝ። እኔ የዚያ ሁሉ ባቄላ አገር ልጅ፣ ይህን አጥቼው! ጓዳ ገብቼ በርብሬ አንድ ጣሳ ደረቅ ባቄላ ይዤላት መጣሁ። ለካ ባቃላ ማለት ከማዕዘኑ ያለው ሱቅ ኖሯል። ባቄላውንማ «ፉል» ነው የሚሉት። ባለ ሱቁ የመናዊ ነው፤ እርስዎ በልጅነትዎ ስኳር ይገዙበት የነበረው «አረብ ሱቅ» ዓይነት። ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆኖ፣ እሱ ሲያየኝ ገና ከበሩ ይስቃል።

የሚስቀው ስለ እንቁላሉ ነው። ማዳም «ኸምሳ» ብላ ላከችኝ፤ እኔም ሃምሳ እንቁላል አቅፌ ገባሁ። የፈለገችው አምስት ነበር። ጉድ እኮ ነው አባባ! እኛ አርባ፣ ሃምሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ የምንለው እነሱ ዘንድ አራት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ስምንት ነው። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቤቱም «ቤት»፣ ራሱም «ራስ» ነው። ውርሱን ሲካፈሉ ግን ዜሮዋን የእኛዎቹ ሳይደብቁባቸው አልቀሩም። ያን ሰሞን ቁርስም ምሳም እራትም እንቁላል ሆነ።

ይህን ከተማርኩ በኋላ ኮራሁ። «በሰብዓ ቀስቅሺኝ» ስትለኝ ሰባ እንዳልሆነ፣ ሰባት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሌሊት በሰባት ሰዓት ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። የጅዳና የመካነ ሰላም ፀሐይ ከሞላ ጎደል እኩል ነው የምትወጣው፤ እኛ አንድ ሰዓት የምንለውን ግን እነሱ ሰባት ይሉታል። ያን ሌሊት «ኤሽ?» ያለችኝ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ለአንዴም ቢሆን «እሺ» አልመሰለኝም።

የነቢዩ ሰሐቦች ከዚህ አገር ወደ ሐበሻ ተሰደው ከእነሱ ጃዕፈር ንጉሡ ነጃሺ ፊት የቆመበትን ታሪክ ሼሁ ሲነግሩን፣ ነጃሺ እንዳለቀሰ እንጂ ማን እንዳስተረጎመ አልነገሩንም። እኔ አሁን የሚያምረኝ ያ አስተርጓሚ ነው።

ሙቀቱን አላወራም። ቤት ውስጥ ኤሲው የደጋውን የጉጉፍቱን ብርድ ያስንቃል፤ በር ሲከፈት እሳት ነው። ጋቢ ለብሼ ልብስ እተኩሳለሁ ብልዎ ያምኑኛል?

ሐዋላ እዚህም ሐዋላ ነው፤ በሱ ተሳስቼ አላውቅም። አምስት ሺህ ብር ልኬያለሁ። ለአጎቴ በደንብ ይንገሩልኝ፦ የአማርኛ አምስት ነው፣ ሃምሳ አይደለም። በሬውን በመያዣ ይዞ ላበደረው ሰውዬ ብሩን ቶሎ ይመልስለት።

እናቴን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። በዱዓዎ አይርሱኝ።

ልጅዎ

የረሳሁት፦ ዘንድሮ ባቄላው እንዴት ነው? የሚበላውን ማለቴ ነው።